የሀጂ ሙሴ ዓሦችና የእኔ ስፖንጅ

የሞባይል ስክሪን መከላከያ ለመለጠፍ ዋናው ሙያ ትንፋሽን መያዝ ነው። አቧራውን ታራግፋላችሁ፣ ትንፋሻችሁን ትይዛላችሁ፣ ከላይ ወደ ታች ቀስ አድርጋችሁ ታስተኙታላችሁ፣ አለቀ። ጅጅጋ ውስጥ የሚከብደው የመጀመሪያው ነው። እዚህ ነፋስ ከተነሳ ሱቃችሁን ዘግታችሁ ብትቀመጡ እንኳ አቧራው በቁልፍ ቀዳዳ ገብቶ አብሯችሁ ይቀመጣል። እኔ ከደሴ መጥቼ በዚህች ከተማ ስልክ ስጠግንና ስክሪን ስለጥፍ ከርሜያለሁ፤ ስለ መስታወት የማውቀው ግን መዳፍ የሚያክለውን ብቻ ነው። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ወደ ታች ስትወርዱ «ባለሙያ አልነበርክም እንዴ?» ብላችሁ እንዳትፈርዱብኝ ነው። አስቀድሞ የተፈረደብኝ ይበቃኛል።

የተከራየሁበት ግቢ እመቤት እዶ ከድጃ ይባላሉ። እዶ በሶማሊኛ አክስት ማለት ነው፤ ከመሃል አገር የመጣነውም በዕድሜ ከፍ ያለችውን ሴት እዶ፣ ወንዱን አዴር ማለት ለምደናል። ባላቸው ሀጂ ሙሴ የግመል ነጋዴ ነበሩ፣ ትውልዳቸው ከኤረር በኩል ነው። ጤና ሳሉ ድምፃቸው ከግመል ተራው ማዶ ይሰማ ነበር። ስልካቸውን ሊያሠሩ ሱቄ ሲመጡ፣ በዚህ ድምፅ ስልክ ምን ያደርግላቸዋል እያልኩ እገረም ነበር። ከዚያ አንድ ቀን ደም ግፊት ጣላቸው። ቀኝ እጃቸው አልታዘዝ አለ፣ ምላሳቸውም እንዲሁ። ሳሎን ውስጥ ከግድግዳው ጥግ ፍራሽ ተነጠፈላቸው፤ ያ ሁሉ ድምፅ ጠፍቶ ግቢው ጭር አለ። ያን ጭርታ መልመድ ለእኔ ለተከራዩ እንኳ ከብዶኝ ነበር።

ጅቡቲ የምትኖረው ልጃቸው ሆዳን ይህን ጊዜ ነው አኳሪየም ይዛ የመጣችው። አንድ ሐኪም «የሚንቀሳቀስ ነገር ይዩ» ብሏት ነው አሉ። ሰው ከጅቡቲ ሲመጣ ጨርቅ፣ ሽቶ፣ የታሸገ ብስኩት ነው የሚያመጣው፤ እሷ መስታወቱን በብርድ ልብስ ጠቅልላ፣ ዓሦቹን ውሃ በሞላ ላስቲክ ይዛ በሽንሌ በድሬዳዋ አድርጋ ገባች። ኬላ ላይ ፈታሹ ላስቲኩን ከፍ አድርጎ አይቶ «ምንድን ነው?» አላት። «ዓሣ ነው።» «ለምግብ?» «አይደለም፣ ለአባቴ።» ፈታሹ መልሱ ስላልገባው ጓደኞቹን ጠራ። ዓሦቹ አፋቸውን እየከፈቱ እየዘጉ አዩዋቸው፣ ጓደኞቹም አፋቸውን ከፍተው አዩዋቸው። በመጨረሻ አንዱ፣ በሕይወት ያለና ጥያቄ ሲጠየቅ የማይመልስ ነገር ሕመምተኛ ነው፣ ይለፍ ብሎ አሳለፋቸው። ይህን የነገረችኝ ራሷ ሆዳን ናት፤ ትንሽ ጨምራበት ይሆናል።

እቤት ያሉት ፈታሽ ግን እንዲህ በቀላሉ የሚያሳልፉ አልነበሩም። እሳቸው የእዶ ከድጃ እናት ናቸው፤ ግቢው በሙሉ አዬዮ ይላቸዋል፣ አያት ማለት ነው። አዬዮ ዕድሜያቸውን የጨረሱት ከግመልና ከፍየል ጋር ነው። መስታወቱን ዞረው ዞረው አዩና ልጃቸውን ጠየቁ።

«ይታለባል?»

«አይታለብም፣ እማማ።»

«ይጫናል?»

«አይጫንም።»

«ይታረዳል?»

«ዝም ብለው ያዩታል።»

አዬዮ ብዙ አሰቡ። «ታዲያ እንግዳ ነው ማለት ነው» አሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠዋት ሲነሱ ለሰው የሚሰጡትን ሰላምታ ለዓሦቹም መስጠት ጀመሩ።

ዋናው ጉዳይ ግን ሀጂ ሙሴ ነበሩ። ከፍራሻቸው ላይ ሆነው ዓሦቹን በዓይናቸው መከተል ጀመሩ። ዓሣው ወደ ቀኝ ሲሄድ ዓይናቸው ወደ ቀኝ፣ ወደ ግራ ሲመለስ ወደ ግራ። እዶ ከድጃ ጎረቤት በመጣ ቁጥር «እዩት፣ እየቆጠራቸው ነው። የግመል ነጋዴ አይደለ? ውስጥ አለ» ይሉ ነበር። ውስጥ አለ የሚለውን ሲናገሩ ድምፃቸው ይለወጣል። ምክንያቱም ውስጥ የሉም የሚል ሰው ነበር፤ የሀጂ ታላቅ ወንድም አዴር ጉሌድ። እሳቸው ከኤረር እየደወሉ «ከተማ ሰው አያድንም። ወደ አገሩ ይምጣ፣ የግመል ወተት ይጠጣ፣ ከአባቶቹ አጠገብ ይሁን» ይላሉ። ከአባቶቹ አጠገብ ሲባል የት እንደሆነ እዶ ከድጃ ይገባቸዋል፤ አባቶቹ መቃብር ውስጥ ናቸው። በመጨረሻ አዴር ጉሌድ ዓርብ መጥቼ በዓይኔ አያለሁ አሉ። ዓይኑ የሚከተል ከሆነ ይቆይ፣ ካልሆነ ይዤው እሄዳለሁ ነው ያሉት።

እንግዲህ ጉዱ እዚህ ጋ ይጀምራል። አኳሪየሙ ደፈረሰ። ከውስጥ አረንጓዴ ዝልግልግ ነገር ለበሰ፤ በዚያ ላይ የጉድጓዱ ውሃችን፣ የምታውቁት ታውቁታላችሁ፣ ማንቆርቆሪያን ሳይቀር ኖራ የሚቀባ ውሃ ነው፣ መስታወቱን ነጭ በነጭ አደረገው። ዓሦቹ ጥላ ብቻ ሆኑ። ሀጂ ሙሴም ጥላ ማየት ሰለቻቸው መሰለኝ፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

ሐሙስ ጠዋት እዶ ከድጃ ሱቄ መጡ። ቆመው የሱቄን ማስታወቂያ ቀና ብለው አነበቡት። «መስታወት እንቀይራለን፣ እናጸዳለን» ይላል። የስልክ የሚለው ቃል ከጎን ነበረ፣ ፀሐይ በልቶታል።

«ዋላል፣» አሉኝ፤ ወንድሜ ማለታቸው ነው፣ «አንተ የመስታወት ሰው ነህ። ነገ ጉሌድ ይመጣል። ያን ሳጥን አጽዳልኝ።»

«እዶ፣ እኔ እኮ የስልክ ነው…»

«መስታወት መስታወት ነው። እንዳትቧጭረው ብቻ። ሌላ ከየት አመጣለሁ?»

እምቢ ማለት ነበረብኝ። ነገር ግን ሰው ባለሙያ ሲባል ውስጡ ትንሽ ነገር ያብጣል። ደግሞ ዓይናቸውን አየሁት፤ ያላለቀሰ ግን ለማልቀስ የተዘጋጀ ዓይን ነው። ዓርብ ጠዋት ሱቄን ዘግቼ፣ ስልክ የምወለውልበትን ጨርቅ፣ አዲስ ስፖንጅና አንድ ጊዜው ያለፈበት የባንክ ካርድ ይዤ ሄድኩ።

የመጀመሪያው ጥያቄ ዓሦቹ የት ይክረሙ የሚል ነበር። ሳፋዎቹ ሁሉ የልብስ ሳሙና ይሸታሉ፤ ሳሙና ደግሞ ዓሣ እንደሚገድል ሆዳን አስጠንቅቃ ነበር። ጀሪካኖቹ አፋቸው ጠባብ ነው፤ ማስገባቱስ ይቻል ነበር፣ ማስወጣቱ ነው እንጂ። የአዬዮን የወተት ዕቃ በዓይኔ ሳየው አዬዮ እኔን በዓይናቸው አዩኝ፣ ተውኩት። በመጨረሻ እዶ ከድጃ ለትልቅ እንግዳ ሩዝ በሥጋ የሚያቀርቡበትን ጎድጓዳ ሳህን አወጡ። የድሮውን ውሃ ሞላንበት፣ ዓሦቹን በማጥለያ እያወጣሁ አንድ በአንድ አገባኋቸው። ቀያዮቹ፣ ጥቁሩና ባለ መስመር ትናንሾቹ በሩዝ ሳህን ውስጥ ሲዞሩ ከበፊቱ ቤታቸው ይልቅ የሚያምርባቸው መሰለኝ።

ከታች ያለውን አሸዋና ጠጠር አወጣሁና ምንጣፍ በሌለበት ወለል ላይ በጋዜጣ ዘረጋሁት። ከዚያ ሥራ ጀመርኩ። ልዋሻችሁ አልፈልግም፣ ግሩም ነበርኩ። አረንጓዴውን በባንክ ካርዱ ጠርዝ ቀስ አድርጌ ገፋሁት፣ ልጣጭ ሆኖ ወረደ። ኖራውን ኮምጣጤ በነካ ጨርቅ አረስርሼ ጠበቅሁት፣ ለቀቀ። ትንፋሼን ይዤ ነው የሠራሁት። ሲያልቅ መስታወቱ ያለ አይመስልም፤ አዬዮ መኖሩን ለማረጋገጥ በጣታቸው ነኩት። ጭረት የሚባል የለም። እንግዲህ እዚያ ላይ ውሃውን ሞልቼ፣ ዓሦቹን መልሼ ቤቴ ብገባ ይህ ወግ ባልኖረ ነበር።

እኔ ግን ስክሪን ላይ የምነፋውን የማብረቂያ ፈሳሽ ከውጭ በኩል ብቻ ትንሽ ብነፋው ብዬ አሰብኩ። ያለቀለትን ነገር ማሳመር ክፉ በሽታ ነው። ወደ ሱቄ ሄድኩ፣ ደንበኛ አገኘኝ፣ ስልኩ ውሃ ገብቶበታል አለ፣ አየሁለት። ስመለስ ሳሎኑ ውስጥ ጭስ አለ።

አኳሪየሙ በአፉ ተደፍቷል። ከሥሩ ጭስ ይወጣል። አዬዮ አጠገቡ ተቀምጠው በእጃቸው ጫፉ የጋመ እንጨት ይዘዋል።

ነገሩ እንዲህ ነው። በዚህ አገር የወተት ዕቃ ከታጠበ በኋላ ይታጠናል። የጋመ እንጨት ውስጡ ገብቶ ይታፈናል፤ ሽታው ይጠፋል፣ ወተቱ አይበላሽም፣ ጣዕሙም ያምራል። አዬዮ ታጥቦ ሳይታጠን የተቀመጠ ዕቃ በዕድሜያቸው አይተው አያውቁም። እኔ ደግሞ ኮምጣጤ አስነክቼበታለሁ፣ ይሸታል። እንግዶቹ ዓሦች በሚሸት ቤት ሊገቡ ነው። እናም አዬዮ ለሰው ልጅ የሚያደርጉትን ለዓሣ አደረጉ፣ ሦስት እንጨት አግመው አስገቡና በሰሌን አፈኑት።

ሰሌኑን አንስቼ ሳጥኑን ሳቀናው መስታወቱ ከውስጥ ቡናማ ሆኗል። ከአረንጓዴው ጊዜ የባሰ ነው፤ በዚያኛው ቢያንስ ጥላ ይታይ ነበር። አዬዮ አፍንጫቸውን አስጠግተው አሸተቱና ረኩ። በሶማሊኛ የነገሩኝን በኋላ ሳጣራ «አሁን ቤት ቤት ይሸታል» ብለውኝ ነው። ምን ልበላቸው? በፍቅር ያደረጉትን ነገር መቆጣት አይቻልም።

የጁምዓ ሶላት ሊያልቅ ነው። አዴር ጉሌድ ከመስጊድ በቀጥታ ወደዚህ ነው የሚመጡት። ዓሦቹ በሩዙ ሳህን ውስጥ አፋቸውን ወደ ላይ እያደረጉ ነው። ስፖንጄን ፈለግሁት፣ ከጋዜጣው ላይ ወድቆ አገኘሁት፣ አንስቼ ነክሬ ማሸት ጀመርኩ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይላሉ፤ እኔ ግን የምለቅመው እንኳ አልተረፈኝም። ጥላሸቱ እየለቀቀ ሲሄድ ደስ ብሎኝ ይበልጥ ስጫነው ከስፖንጁ ሥር ክርርር የሚል ድምፅ ሰማሁ። ጥርሴ ላይ ነው የተሰማኝ። ስፖንጁን ገልብጬ ሳየው፣ ጋዜጣው ላይ የዘረጋሁት አሸዋ ሆዱ ላይ ተጣብቋል።

ጭረቱ ከአንድ ጫፍ ወደ ሌላው ይሄዳል፤ መሃል ላይ ደግሞ የካራማርዳን ዳገት የሚወጣ መንገድ ይመስል ይጠማዘዛል። ከፍራሹ ላይ ሆኖ ለሚያይ ሰው ልክ ከዓይን ትይዩ ነው። ስልኬ ጢን አለ። ኔትወርክ ይዞት የከረመ፣ ወደ ጅቡቲ የተመለሰችው የሆዳን የድምፅ መልእክት ነው። «እንዴት አደርክ፣ እማዬ ነገረችኝ፣ አላህ ይስጥልኝ። ከሁሉ በላይ አንድ ነገር አደራ፣ ስፖንጁ አሸዋ ከነካ ጣለው፤ አንድ ፍሬ አሸዋ መስታወቱን ያጠፋዋል።» ሁለት ጊዜ ሰማሁት።

አለባብሰው ቢያርሱ በአረም ይመለሱ የሚለውን ተረት ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ። ማወቅና ማድረግ ግን ጎን ለጎን አይሄዱም። መጀመሪያ የጥርስ ሳሙና ቀብቼ አሸሁት፤ ስልክ ላይ ይሠራል ይባላል፣ ስልክ ላይም አይሠራም። ቀጥሎ ከኪሴ የስክሪን መከላከያዎች አወጣሁ። መስታወቱን አጥቤ አድርቄ፣ ከውስጥ በኩል በጭረቱ መንገድ ላይ እያስከተልኩ ለጠፍኳቸው። ሲደርቅ እውነትም ጭረቱ የደበዘዘ መሰለ። ውሃውን ሞላሁ፣ ዓሦቹን ለመመለስ ወደ ሳህኑ ዞርኩ።

በሩ ላይ አዴር ጉሌድ ቆመዋል። ረጅም ናቸው፣ ዱላቸው ከእሳቸው ትንሽ ያንሳል። የሚያዩት እኔን አይደለም፤ የሩዙን ሳህን ነው።

«ከድጃ፣» አሉ ቀስ ብለው፣ «ወንድሜን ዓሣ ማብላት ጀመራችሁ?»

«አይ አዴር፣ እሱ…» አልኩ እኔ ቀድሜ።

«ሳይበስል?»

የኤረር የግመል ሰው ቤት ገብቶ በእንግዳ ሳህን ላይ ዓሣ ሲያይ ምን እንደሚሰማው ለማስረዳት አልሞክርም። ማስረዳቱ ራሱ ጊዜ ወሰደ። እኔ በዚያ መሃል ዓሦቹን መለስኳቸው፣ የአየር ሞተሩን ሰካሁት፣ ሁላችንም ዞር ብለን አየን።

የስክሪን መከላከያ በውሃ ውስጥ እንደማይኖር ማን ነገረኝ? አንዱ ከሥሩ አረፋ ቋጠረ። ሌላው ጫፉ ተላቆ ይወዛወዛል፣ ትናንሾቹ ዓሦች ምግብ መስሏቸው ይቆነጥሩታል። ለካሜራ ተብሎ ክብ ቀዳዳ ያለው አንድ መከላከያ ነበር፤ ጥቁሩ ዓሣ ከኋላው ቆሞ በዚያች ቀዳዳ አንድ ዓይኑን አሳየን። አዬዮ ከት ብለው ሳቁ። ሌላ የሳቀ ሰው የለም።

እዶ ከድጃ ባላቸውን ትከሻቸውን ደግፈው አዞሯቸው። «ሀጂ፣ ተመልከት፣ ጸድቷል» አሏቸው። ሀጂ ሙሴ አዩ። ጭረቱን አዩ፣ አረፋውን አዩ፣ በቀዳዳው ያለውን ዓይን አዩ። ከዚያ ቀስ ብለው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው መለሱ።

እዶ ከድጃ አልጮሁብኝም። ቢጮሁብኝ ይሻለኝ ነበር። መሬት ላይ ተቀምጠው የሻርፓቸውን ጫፍ መፍተል ጀመሩ። የሠራሁት መስታወት ብቻ እንዳልነበረ ያኔ ገባኝ፤ ሴትዮዋ ስለ ባላቸው «ውስጥ አለ» ለማለት የያዙት አንድ ማስረጃ ነበር፣ እሱን ነው የቧጨርኩት። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ይለኝ ነበር።

ምሳ ከተበላ በኋላ፣ በሌላ ሳህን ነው፣ አዴር ጉሌድ ዱላቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው ሸንጎ ተቀመጡ። በዚህ አገር ጉዳት ከደረሰ ሳይዳኝ አይታደርም። አማርኛቸው ገበያ ያስተማራቸው ነው፣ የሚጎድለው ነገር የለም።

«አደራ የተቀበለው ማን ነው?»

«እኔ ነኝ፣ አዴር።»

«ያጠነውስ?»

እዶ ከድጃ ተረጎሙ። አዬዮ ቀና ብለው «እኔ ነኝ። በዚህ ቤት ሳይታጠን የሚቀመጥ ዕቃ የለም» አሉ።

አዴር ጉሌድ ወደ አዬዮ ዞሩ። የወንድማቸው አማት ናቸው፤ አማት ደግሞ በሶማሌ ዘንድ የምትከበር እንጂ የምትከሰስ አይደለችም። «እሳቸው የቤቱን ደንብ አክብረዋል» ብለው በነፃ አሰናበቷቸው። አዬዮም ፍርዱ ትክክል መሆኑን ጭንቅላታቸውን በመነቅነቅ አረጋገጡ። ጥፋቱ በሙሉ ተጠቅልሎ ወደ እኔ መጣ።

«በእኛ ደንብ የሰው ዓይን ያጠፋ በግመል ይክሳል። አንተ የወንድሜን ማያ አጥፍተሃል። ግመል አለህ?»

«የለኝም።»

«ዘመዶችህስ? ሰው ብቻውን አይከፍልም፣ ጎሳው ያዋጣለታል።»

«ደሴ ናቸው። በግ ነው ያላቸው።»

በሐዘኔታ አዩኝ። ጎሳ የሌለው፣ ግመል የሌለው፣ ስፖንጅ ብቻ ያለው ሰው ገጥሟቸው አያውቅም። «እንግዲያው በራስህ ዓይን ትከፍላለህ» ሲሉ እጄን ወደ ዓይኔ ሰደድኩ። ቀጠሉና «እሱ የማያየውን አንተ ታይለታለህ። ከሰዓት፣ ከዐስር ሶላት በኋላ እየመጣህ፣ ዓሦቹ የሚሠሩትን ትነግረዋለህ። አማርኛ ይሰማል። የመጣሁበት መኪና ዕቃ ጭኖ ወደ ኤረር እስኪመለስ እዚሁ ነኝ። እስከዚያ ፊቱን ወደ ሰው ካዞረ ይቆያል፣ ካላዞረ አብሮኝ ይሄዳል» አሉ።

እዶ ከድጃ «አብሮኝ ይሄዳል» የሚለውን ሲሰሙ ተነስተው ወጡ።

ዓሣ ምን ይሠራል? እስኪ እናንተ ንገሩኝ። በመጀመሪያው ቀን ከሀጂ ጀርባ ተቀምጬ ያየሁትን ነገርኳቸው። «ቀዩ ወደ ቀኝ ሄደ።» ዝም። «ቀዩ ወደ ግራ ተመለሰ።» ዝም። አዬዮ የምለውን እያስተረጎሙ ይሰሙ ነበር።

«ለምን ተመለሰ?» አሉ።

«እንጃ።»

«ሰው ዝም ብሎ አይመለስም። የረሳው ነገር አለ።»

እውነታቸውን ነው፤ ምክንያት የሌለው ወሬ ማን ይሰማል? በማግስቱ ቀዩ የረሳው ዱላውን ነው አልኩ። ከዚያ ወዲያ ምላሴ መንገዱን አገኘ። ጥቁሩን ደላላ አደረግሁት፣ ፊቱም ይፈቅዳል። ባለ መስመሮቹ መንጋ ሆኑ፣ ሞተሩ የሚያስነሳው አረፋ የሐሩር ዝናብ ሆነ፣ ከጥግ ያለችው ፕላስቲክ ቅጠል የግጦሽ ጠብ አስነሳች። ደላላውና ቀዩ እንደ ግመል ገበያው ልማድ በጨርቅ ሥር እጅ ለእጅ ተጨባብጠው በጣታቸው ዋጋ ሲነጋገሩ፣ እጅ ስለሌላቸው በክንፋቸው አደረግሁት። አዬዮ ለጎረቤት ያወሩ ስለነበር ከሰዓት በኋላ ሳሎኑ በሰው መሙላት ጀመረ። ትናንት የት ደርሰን ነበር የሚል አይጠፋም።

የሀጂ ጀርባ ግን ያው ጀርባ ነው። አንዳንድ ጊዜ ትከሻቸው የተነቃነቀ ይመስለኝና ቀና ስል ትንፋሽ ብቻ ይሆናል። እዶ ከድጃ ሻይ ያቀርባሉ፣ ጀርባውን ያያሉ፣ ይወጣሉ። መኪናው ተጭኖ ነገ በጠዋት ይነሳል የተባለ ቀን፣ የሀጂ ልብስ በሻንጣ ታጥፎ በሩ አጠገብ ተቀምጦ አየሁት። ታሪኩን መጀመር አቃተኝ፣ አዴር ጉሌድ «ፍርድህን ጨርስ» እስኪሉኝ ድረስ።

ጀመርኩ። አፌ ይናገራል፣ ልቤ ግን ሻንጣው ጋ ነው። ደላላው ለቀዩ ዓሣ አንዲት እንስት ግመል ሊሸጥለት ነው፤ ያሞግሳታል። ወተቷ እንዲህ ነው፣ እግሯ እንዲያ ነው። እኔ ስለ ግመል የማውቀው ረጅም መሆኗን ነው፤ ስለ በግ ግን አውቃለሁ። ስለዚህ የማውቀውን አመጣሁ። «ደላላውም አለው፣ ይህቺ ግመል በረከት ናት፣ በዓመት ሁለቴ ትወልዳለች።»

ሳሎኑ ውስጥ አንድ ሰው ጉሮሮውን ጠረገ። ከዚያ ከፍራሹ በኩል፣ ከግድግዳው ውስጥ የመጣ የሚመስል ሻካራ ድምፅ ወጣ።

«በን።»

በን ማለት በሶማሊኛ ውሸት ማለት ነው። ሀጂ ሙሴ አንገታቸውን እያዞሩ ነበር፤ ቀስ በቀስ፣ እንደሚከብድ ድንጋይ። ዓሦቹን አላዩም፣ ጭረቱንም አላዩም። ያዩት እኔን ነው፤ ዓይናቸው ውስጥ ያለው ቁጣ ገበያ መሃል የቆመ ጤነኛ ነጋዴ ቁጣ ነው።

አዴር ጉሌድ ተንበርክከው ተጠጉ። ዱላቸው ወድቆ ተንከባለለ፣ አላነሱትም። «ሙሴ፣» አሉ፣ «ግመል ስንት ጊዜ ትወልዳለች? ንገረው።»

ሀጂ ከንፈራቸው ታገለ። ግራ እጃቸውን ከብርድ ልብሱ አውጥተው አንድ ጣት አቆሙ። ከዚያ ብዙ ደክመው «ላባ» አሉ። ሁለት ማለት ነው። በሁለት ዓመት አንድ ጊዜ ማለታቸው ነበር፤ ከእኔ በስተቀር በዚያ ሳሎን ያለ ሰው ሁሉ ገብቶታል። አዴር ጉሌድ ፊታቸውን በኩታቸው ሸፈኑ፣ ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ። አዬዮ «እኔም እኮ በዓመት ሁለቴ ሲል ገርሞኝ ነበር» አሉ።

እዶ ከድጃ በሩ ላይ የሻይ ፔርሙስ ይዘው ቆመዋል። ሊያስቀምጡት ቦታ ፈልገው አጡ፤ ሻንጣው ላይ አስቀመጡትና ሄደው ከባላቸው አጠገብ ተቀመጡ፣ ያቺን አንድ የቆመች ጣት በሁለት እጃቸው ያዙ። እኔም አለቀስኩ፣ ምን እደብቃለሁ።

ሲመሽ አዴር ጉሌድ ለሾፌሩ ደውለው ብቻዬን ነው የምመለሰው አሉት። እኔ ጫማዬን አድርጌ ስወጣ እዶ ከድጃ እስከ በሩ ሸኙኝ።

«ነገም ትመጣለህ» አሉኝ።

«እመጣለሁ፣ እዶ። ስለ ግመል ሰው ጠይቄ፣ ትክክለኛውን አጥንቼ እመጣለሁ።»

ክንዴን ጨብጠው ያዙኝ።

«እንዳታጠና፣ ዋላል» አሉኝ። «እንዲቆጣ አድርገህ ዋሽ።»